የ7.1 ቁልፏን ያጠፋን ዕለት

ካውንተር ስትራይክ 2 የሚባለውን የተኩስ ጌም ስጫወት የሚያበሳጨኝ ነገር አንድ ነበር። ሰው ከኋላዬ መጥቶ ይገድለኛል። ኮቴውን ሳልሰማ ቀርቼ አይደለም። ሰምቼዋለሁ፤ ግን ከፊት የሚመጣ መስሎኝ በሩ ላይ አነጣጥሬ እጠብቃለሁ። ያኔ የነበረኝ የጌም ሄድሴት ካርቶኑ ላይ በትልቁ «7.1 ሳራውንድ» ተጽፎበታል፤ ድምፁ ከዙሪያዬ ሁሉ የሚመጣ ያስመስላል ማለት ነው። መገናኛ አካባቢ ካለ ሱቅ የገዛሁትም ለዚያ ቁጥር ብዬ ነው።

አንድ ቅዳሜ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ነገሩን ለመፈተን ተነሳን። ለሁለታችን ብቻ ደስት 2 የሚባለውን የጌሙን ሜዳ ከፈትን። እኔ አንድ ቦታ ቆሜ ዓይኔን ጨፈንኩ። እሱ ሌላኛው ክፍል ሆኖ በራሱ ላፕቶፕ ዙሪያዬን ይሮጣል፣ ይቆማል፣ «የት ነኝ?» ብሎ ይጮኻል። ስመልስለት ወረቀት ላይ ይመዘግባል። ቀኝና ግራ ላይ አንድም አልሳትኩም። ፊትና ኋላ ላይ ግን ከ20 ሙከራ 9ኙን ሳትኩ። ዝም ብዬ ብገምትም ከዚህ ብዙ አይለይም ነበር።

ወንድሜ መጣና ገመዱ መሀል ያለችውን ቁልፍ ተጫነ። የ7.1 መብራቷ ጠፋች። «እስቲ በባዶው እንሞክረው» አለኝ። እንደገና 20 ጊዜ ሞከርን። ስህተቴ ወደ 4 ወረደ። ሄድሴቱ ያው ነው፣ ጆሮዬም ያው ነው።

ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ አነበብኩ። ከቀኝ የመጣ ድምፅ ግራ ጆሮ ጋ የሚደርሰው ቢበዛ ወደ 0.7 ሚሊ ሰከንድ ዘግይቶ ነው። ጭንቅላታችንም ስለሚጋርደው ቀጭን ቀጭኑ ድምፅ ይደክማል። አንጎላችን ቀኝና ግራን የሚለየው በዚህ ነው። ከፊት ወይም ከኋላ የመጣ ድምፅ ግን ሁለቱም ጆሮ ጋ እኩል ይደርሳል። ያን ጊዜ የሚያድነን የጆሯችን እጥፋት ነው፤ ከፊትና ከኋላ የገባውን ድምፅ ለየብቻ ይቀርጸዋል። ኤች አር ቲ ኤፍ የሚባለው ስሌት ይህንኑ ቅርጽ በሶፍትዌር ይሠራዋል። ካውንተር ስትራይክ 2 ውስጥ ደግሞ ስሌቱ አብሮት አለ። እንግዲህ ጌሙ አንዴ ያሰላውን የሄድሴቱ ዶንግል (7.1ዱን የሚሠራው ትንሹ የድምፅ መሣሪያ) በላዩ ላይ ሁለተኛ ሲያሰላው ድምፁ ይጨማለቃል። አብዛኞቹ 7.1 የሚባሉ ሄድሴቶች ውስጣቸው ያለው በየጆሮው አንድ ስፒከር ብቻ ነው። ይህንን ሱቅ ውስጥ የሚነግር የለም፤ ገንዘብ ለሚያወጣ ሰው ግን ሊነገረው ይገባል።

ሜሪላንድ የምትኖር አክስቴ ለፋሲካ ስትመጣ ሴንሃይዘር ኤችዲ 560ኤስ አመጣችልኝ። ለሙዚቃ አድማጮች የተሠራ ነው፤ ጀርባው ክፍት፣ ክብደቱ 240 ግራም። መጀመሪያ ያደረግኩት ቀን ቤት ውስጥ ሰው የገባ መስሎኝ ዞር ብዬ አየሁ። ድምፁ ጭንቅላቴ ውስጥ ሳይሆን ክፍሉ ውስጥ ያለ ነው የሚመስለው። በድሮው ቦምብ ሲፈነዳ ቤዙ ሁሉን ነገር ይውጠው ነበር። በዚህኛው ቦምቡም ይሰማል፣ ከሥሩ ኮቴውም ይሰማል። ሦስት ሰዓት ሙሉ አድርጌው ጆሮዬን አላመመኝም።

ፈተናውን ደገምነው። ከ20ው 3 ሳትኩ። እውነቱን ለመናገር ከ4 ወደ 3 መውረድ ይህን ያህል የሚወራለት አይደለም። አቅጣጫውን ያስተካከለው በነፃ ያጠፋናት ቁልፍ ናት። ውዱ ሄድፎን የጨመረልኝ ጥራትና ምቾት ነው።

ችግርም አለው። ጀርባው ክፍት ስለሆነ እናቴ ሳሎን የምታየው ድራማ እኔ ጋ ይገባል፣ የኔ ተኩስ ደግሞ እሷ ጋ ይሄዳል። ሌሊት ይሄ ከባድ ነው። ገመዱ 3 ሜትር ነው፤ ጫፉ ትልቁ 6.3 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በአዳፕተር ነው የምሰካው። 120 ኦም ነው፣ ማለትም ጉልበት ይፈልጋል ሲሉኝ ድምፅ የሚያጎላ አምፕ ያስፈልገዋል ብዬ ሰግቼ ነበር፤ የኔ ላፕቶፕ ግን ድምፁን ከፍ ሳደርገው በቂ ሆኖልኛል። ማይክ የለውም። ሸሚዝ ላይ የምትሰካ ትንሽ ማይክ ገዛሁና ቤት ስደርስ ላፕቶፑ ለማይክም ለሄድፎንም ያለው ቀዳዳ አንድ ብቻ ነው። ቀዳዳውን ለሁለት የሚከፍል ስፕሊተር ፍለጋ ሌላ ቀን ሄደብኝ።

ስለዚህ ጌም ቤት ለሚጫወት ወይም ክፍል ለሚጋራ ሰው የምመክረው ዝግ የሆነውን የጌም ሄድሴት ነው። ማይኩ አብሮት ነው፣ የውጭውን ጫጫታም ይከለክላል። ብቻ ጌሙ የራሱ ስሌት ካለው 7.1ዱን ያጥፋው። ፊልም በ5.1 ድምፅ ለሚያይ ደግሞ ዊንዶውስ ላይ በነፃ የሚገኘው ዊንዶውስ ሶኒክ የሚባለው የዚሁ ዓይነት ስሌት በቂ ነው፤ እሱም ቢሆን ለብቻው ይሁን። ያም ሆኖ ሲያጠራጥራችሁ ማውሱን ትንሽ ወደ ቀኝ አዙሩት። ኮቴው ወደ ግራ ጆሯችሁ ከሄደ ሰውየው ከፊት ነው፤ ወደ ቀኝ ከሄደ ከኋላችሁ ነው።

የድሮውን ሄድሴት ወንድሜ ወስዶታል። እጁ በስህተት እንዳይነካት ብሎ ቁልፏ ላይ ፕላስተር ለጥፎባታል።