የታየና የተባለ

የኮሚካችንን ፕሪኩዌል (ከመጀመሪያው ታሪክ በፊት የሆነውን የሚተርከውን ክፍል) ዘጠነኛ ገጽ ትናንት ማታ ጨረስኩ። ለስምንት ወር ሥራ ዘጠኝ ገጽ ጥቂት ነው፤ ግን ከዘጠኙ አንድም የምሰርዘው የለም። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ የመጀመሪያዬ ስለሆነ ደስታዬን ላካፍላችሁ፣ እግረ መንገዴንም ይዞኝ የቆየውን ችግር ልንገራችሁ።

አጀማመሬን በአጭሩ። ቀን ኮምቦልቻ እሠራለሁ፣ ማታ ደሴ እገባለሁ፤ ሐረጎን ስንወጣም ስንወርድም ደብተሬ ጉልበቴ ላይ ነው። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አያ ይመር የሚባል የደሴ ሽማግሌ ሱፐርሂሮ ፈጠርን። ችሎታው ድምፅ ለሌላው ሰው ሳይደርስ አስቀድሞ መስማት ነው። የመጀመሪያው ታሪክ በ1983 ዓ.ም. የሚሆን ነው። እሱ ካለቀ በኋላ ወደ ልጅነቱ መመለስ አማረን፤ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ወደደበደቡባትና ንጉሠ ነገሥቱም ከተማዋ ውስጥ ወደነበሩበት ዕለት።

እንዴት እንደሚሠራ ለመማር ልዩ ችሎታ ይዘው ስለተወለዱ ሰዎች የሚተርኩት የኤክስ-ሜን ፊልሞች ፕሪኩዌል የሆነውን «ኤክስ-ሜን፡ ፈርስት ክላስ»ን መረጥኩ። በ2011 የወጣ ነው (የፊልሞቹን ዓመት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ሰባት ጊዜ አይቼዋለሁ። ከቀደሙት ፊልሞች ጋር የሚጋጭባቸውን ቦታዎች ስለቅም ሰነበትኩ። በ2000ው ፊልም የኤክስ-ሜን መሪ ፕሮፌሰር ኤክስ፣ ኋላ ማግኔቶ ተብሎ ባላንጣው የሚሆነውን ኤሪክን ያገኘሁት በ17 ዓመቴ ነው ይላል፤ እዚህ ግን የሚገናኙት በ1962፣ ሁለቱም አዋቂ ሆነው ነው። ሴሬብሮን (እንደ እነሱ ያሉትን ሰዎች የሚፈልግበትን ማሽን) ስንሠራ ኤሪክ ረድቶኛል ብሎም ነበር፤ እዚህ ማሽኑን ሠርቶ የምናገኘው ሃንክ የሚባል ወጣት ሳይንቲስት ነው። ከሁሉም የሚብሰው የፕሮፌሰሩ እግር ነው። በፕሪኩዌሉ መጨረሻ፣ በኩባ ሚሳኤል ቀውስ ጊዜ፣ ኤሪክ የመለሰው ጥይት ጀርባውን መትቶት መራመድ ያቅተዋል። በ2006 የወጣው ፊልም መክፈቻ ላይ ደግሞ ከሃያ ዓመት በፊት በሚል ትዕይንት (ከ1962 ብዙ ቆይቶ ማለት ነው) ከኤሪክ ጋር ጎን ለጎን በእግሩ እየሄደ ጂን ግሬይ ወደምትባል ልጅ ቤት ሲገባ አይተነዋል።

እነዚህን ሦስቱን በአንድ ዓይን ማየት ስህተት መሆኑ የገባኝ ዘግይቶ ነው። የ17 ዓመቱ ነገር የተባለ ነው። ሰው ይረሳል፣ ያሳጥራል፣ ይደብቃል። እግሩ ግን የታየ ነው፤ ተመልካቹ በገዛ ዓይኑ ያየውን አላየህም ልትለው አትችልም። ስለዚህ አሁን ደብተሬን ለሁለት ከፍዬዋለሁ፦ በስተግራ የታየ፣ በስተቀኝ የተባለ። የታየውን አልነካም። የተባለውን ግን ሰበብ እስካገኘሁለት ድረስ አጣምመዋለሁ።

ይህ ነገር የእኛኑ ታሪክ አዳነው። በመጀመሪያው ኮሚክ አያ ይመር ለልጅ ልጁ «እናቴን ያጣኋት ቦምቡ የወደቀ ቀን ነው» ይላታል። እኔም እናትየውን በቦምቡ ገድዬ አምስት ገጽ ስዬ ጨርሼ ነበር። እህቴ የቆየውን ኮሚክ ስታገላብጥ አንዱ ፍሬም ላይ ጣቷን አሳረፈች። ከሽማግሌው አልጋ በላይ የተሰቀለ ፎቶ አለ፤ ይመር ጢም ያወጣ ጎረምሳ ሆኖ አንዲት ሴት አጠገብ ቆሟል። ነጠላዋ ላይ ያለው ጥለት እናቱ ብዬ ከሳልኳት ሴት ነጠላ ጋር አንድ ነው። ያኔ ግድግዳው ባዶ እንዳይሆን ብዬ የሳልኩት ፎቶ ነበር። ቦምቡ ሲወድቅ ይመር የአስር ዓመት ልጅ ነው። «ታዲያ ይቺ ማናት?» አለችኝ።

ሁለት ወር ሙሉ መላ አጣሁ። ጓደኞቼ ፎቶውን አጥፍተን እንደገና እናትመው አሉ፤ እኔ እምቢ አልኩ፣ ዛሬም ልክ ነበርኩ እላለሁ። የታየ ታይቷል። መፍትሔው የመጣው «አጣኋት» የምትለዋን ቃል ሐረጎ ላይ ደጋግሜ ሳነባት ነው። አጣኋት ማለት ሞተች ማለት ብቻ ነው እንዴ? ቦምቡ አጠገቧ ፈነዳ፣ ጆሮዋ ደነቆረ። ሁሉን የሚሰማው ልጅ እናቱ ዳግመኛ ድምፁን አልሰማችም። ያውም አውሮፕላኖቹን ከሁሉ በፊት ሰምቷል፤ ነገር ግን «የማይሰማ ነገር ሰማሁ እያልክ ሰው አታስፈራ» ብላ ትቆጣው ስለነበር ዝም ብሏል። ዓረፍተ ነገሩ ሳይነካ ሰምና ወርቅ ሆኖ ቁጭ አለ። አምስቱን ገጽ ቀድጄ ጣልኩ፤ እህቴ «አብሽር፣ ይኼኛው ይሻላል» አለችኝ።

ፕሪኩዌል ላይ መጨረሻው ይታወቃል የሚለው ስጋት አሁን አያስጨንቀኝም። ኤሪክ ማግኔቶ እንደሚሆን ከመጀመሪያው ደቂቃ እናውቃለን። ግን በልጅነቱ ሾው የሚባል የናዚ ሰውዬ ሳንቲም ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ አንቀሳቅስ ሲለው፣ አልችል ሲል እናቱን ፊቱ ሲገድልበት፣ በመጨረሻም ያንኑ ሳንቲም በሰውዬው ግንባር ውስጥ ቀስ አድርጎ ሲያሳልፈው፣ ያወቅነው መጨረሻ ነው ይበልጥ የሚያመን።

ጀማሪ ከሆናችሁ የዘመን ሰንጠረዥ ላይ አትሰንብቱ። እኔ አራት ወር ፈጅቼበታለሁ፤ ግድግዳዬ ላይ ያምራል፣ የእናትየውን ነገር ግን አላሳየኝም። አንድ ነገር ብቻ ከወዲሁ ወስኑ፦ አቆጣጠሩ የኛ ነው የፈረንጅ? ሰዓቱስ? ስክሪፕቴ ላይ «2 ሰዓት» ብዬ ጽፌ፣ አንዱ ጓደኛዬ ከሰዓት በኋላ መስሎት ሙሉ ገጽ በከሰዓት ጥላ ስሎታል። ጊዜው ጠዋት ነው።

አሥረኛው ገጽ የቆመውም በዚሁ ነው። የጦሳ ተራራ ከከተማው በስተምዕራብ ስለሆነ ጠዋት ፀሐይ ፊቱን ነው የምትመታው፤ እኛ ግን ጨለማ አድርገን ስለነዋል። በመጀመሪያው ኮሚክ ጠዋት ላይ ጦሳን ብሩህ አድርገን አሳይተናል፣ ስለዚህ የታየ ነው። ቅዳሜ ከ1 ሰዓት በፊት ደብተሬን ይዤ ወደ አዝዋ ገደል በኩል እወጣና ብርሃኑ ከየት ጀምሮ እንደሚወርድ አያለሁ።