«ኩድ» በምትል ቃል ዳታው ሁለቴ ተመለሰ

የምሠራው የደንበኞችን ሲስተም ከርቀት በሚከታተል ቡድን ውስጥ ነው። ቲኬቱ (የደንበኛው ችግርና የተሠራለት ሥራ የሚመዘገብበት ገጽ)፣ ኢሜይሉ፣ የሺፍት ርክክቡ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው የሚጻፈው።

አንድ ሌሊት የአንድ ደንበኛ ዳታቤዝ ተበላሸ። ሺፍት ላይ የነበረችው ባልደረባዬ በሥራዋ የተመሰገነች ናት። ሳትደናገጥ ባክአፑን (ቀድሞ የተቀመጠውን የዳታ ቅጂ) አወጣች፣ ዳታውን መለሰች፣ በትክክል መሥራቱንም አረጋገጠች። ከዚያ ቲኬቱ ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ዊ ኩድ ሪስቶር ዘ ዳታ ፍሮም ዘ ባክአፕ»። ዳታውን ከባክአፕ መመለስ ችለናል ማለቷ ነው። ሺፍቷን አስረክባ ወደ ቤቷ ሄደች።

ጠዋት ቲኬቱን ያነበበው የደንበኛው ኃላፊ ነው። ሲስተሙን በየቀኑ የሚጠቀሙት ሌሎች ናቸው፤ እሱ ያየው ጽሑፉን ብቻ ነው። የገባውም «ከፈለጋችሁ ዳታውን ልንመልስላችሁ እንችላለን» የሚል ነው። «የስ ፕሊዝ፣ ጎ አሄድ» ብሎ መለሰ። የጠዋት ተረኛው ቲኬቱን ሲከፍት ከላይ ሐሳብ ቀርቧል፣ ከታች ደንበኛው ፈቅዷል። ያንኑ ባክአፕ እንደገና ጫነው። ከሌሊት ጀምሮ የገቡት አዳዲስ መዝገቦች በሙሉ ጠፉ።

የአደጋውን ሪፖርት እንድጽፍ የተመደብኩት እኔ ነበርኩ። ሦስቱንም አነጋገርኳቸው። ማንም ግዴለሽ አልነበረም፤ ሁሉም የጻፈውንና ያነበበውን አምኖ ነው የሠራው። ችግሩ ያለው እዚያች አንዲት ቃል ላይ ነው።

እኛ «መመለስ ቻልን» ስንል ነገሩ አልቋል፤ ሰሚውም «ተመስገን» ይላል። የእንግሊዝኛው «ኩድ» ግን እንደዚያ አይዘጋም። ስላለፈው ጊዜ ሲነገር በአብዛኛው አንድ ሰው በአጠቃላይ የነበረውን ችሎታ ያሳያል። «ሺ ኩድ ሪድ ዌን ሺ ዋዝ ፎር» ሲባል በ4 ዓመቷ ማንበብ ትችል ነበር ማለት ነው። አንድ ቀን፣ አንድ ጊዜ የተሳካን ነገር ለመናገር ግን አይመችም። አንባቢው «ይቻል ይሆናል» ወይም «ከፈለጋችሁ እናደርጋለን» ብሎ ይወስደዋል። ለተሳካው ነገር «ወር ኤብል ቱ» ወይም «ማኔጅድ ቱ» ነው የሚባለው። «ማኔጅድ» ሲሆን ነገሩ ቀላል እንዳልነበረም ይናገራል፤ ተቸግረን ግን ተሳካልን እንደማለት ነው። እኔ ለቲኬት የምመርጠው ከሁለቱም ይልቅ ቀጥተኛውን ነው፦ «ዊ ሪስቶርድ ዘ ዳታ»፣ ከዚያ ሰዓቱን መጻፍ። ተሠርቶ ያለቀ ነገር ችሎታን የሚገልጽ ቃል አያስፈልገውም።

ባልደረባዬ ይህን ስነግራት ጥሩ ጥያቄ ጠየቀችኝ። «ታዲያ ‹ኩድንት› ብዬ ስጽፍ ማንም ተሳስቶ አያውቅም። ለምን?» አለችኝ። እውነቷን ነው። አሉታው ላይ ይህ ገደብ የለም። «ዊ ኩድንት ሪስቶር ዘ ዳታ» ከተባለ ሞክረን አልተሳካም ማለት ነው፤ ለአንድ ጊዜም ለዘወትርም ይሠራል። እንደ ማየትና መስማት ካሉ ግሦች ጋርም አዎንታው ራሱ ለአንድ ጊዜ ይሆናል፤ «አይ ኩድ ሲ ዘ ኤረር» ቢባል ማንም አይደናገርም። እንግዲህ ሰው ቃሉን በእነዚህ ቦታዎች ሁሉ በትክክል ሲጠቀምበት ኖሮ አንዱ ቦታ ላይ እንደሚከዳው በምን ያውቃል? ለዚህ ነው በእሷ ላይ ጣት ሲቀሰር የከፋኝ።

ስብሰባው ላይ አንዱ «‹ኩድ ሃቭ ሪስቶርድ› ማለት ነበረባት» ብሎ ሊያርም ሞከረ። እሱ ደግሞ የባሰ ነው፤ መመለስ እንችል ነበር፣ ግን አልመለስንም ማለት ይሆናል።

የሪፖርቱ ረቂቅ ላይ ሌላ ሰው የሌሊቱን ሺፍት «ኢንኬፐብል» ብሎ ጽፎ አገኘሁ። ወዲያው ሰረዝኩት። «አንኤብል ቱ» ያን ጊዜ አልተቻለም ይላል፤ ምክንያቱ መብራት መጥፋት ሊሆን ይችላል፣ የኔትዎርክ መቋረጥም ሊሆን ይችላል። «ኢንኬፐብል ኦቭ» ግን ስለ ሰው ሲነገር አቅሙ ከሥሩ የለውም ብሎ መፍረድ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ስትሠራ ስላደረች ባለሙያ እንዲህ ተብሎ አይጻፍም።

የጠፉትን መዝገቦች ከትራንዛክሽን ሎጉ (ዳታቤዙ ላይ የተደረገው ለውጥ በተራ ከሚመዘገብበት ፋይል) ላይ አብዛኞቹን አገኘናቸው። ለደንበኛው የሄደውን ማብራሪያ የጻፈችው ራሷ ናት። የተገኙት ጋ «ወር ኤብል ቱ ሪከቨር»፣ ያልተገኙት ጋ «ወር አንኤብል ቱ ሪከቨር» ብላ ለየቻቸው። ደንበኛውም ምንም ተጨማሪ ጥያቄ አላነሳም።

ከዚያ ወዲህ በስልክ የምንናገረውንም ማስተዋል ጀምረናል። «ካን» በፈጣን ንግግር ውስጥ ደከም ብሎ «ክን» ይሆናል፤ «ካንት» ግን ሁልጊዜ ጠንከር ብሎ ነው የሚነገረው፣ የመጨረሻዋ «ት» ደግሞ ብዙ ጊዜ ትዋጣለች። ስለዚህ እኛ አጥብቀን «ዊ ካን ዱ ኢት» ስንል ወዲያ ማዶ ያለው ሰው «ካንት» ሊሰማ ይችላል። አሁን ባልደረባዬ የማይቻል ነገር ሲኖር «ካኖት» ብላ ሙሉውን ትናገራለች፣ ስልኩን ዘግታ ያንኑ በኢሜይል ትልካለች።