የፒዛ ሊጥ ሲጣበቅ ዱቄት አትጨምሩ

28 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ላላቸው ሦስት ፒዛዎች የምጠቀመው ልክ ይኸውና፦ 500 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 325 ግራም ውሃ፣ 10 ግራም ጨው፣ 15 ግራም ዘይት፣ 3 ግራም ፈጣን ደረቅ እርሾ። ዱቄትና ውሃ የምለካው በሚዛን ብቻ ነው። ኩባያ ጠቅጠቅ ተደርጎ ሲሞላና እየተነሰነሰ ሲሞላ ክብደቱ በጣም ይለያያል፤ አንዱ ቀን ሊጡ ደርቆ፣ ሌላው ቀን ልቅልቅ ብሎ የሚያስቸግረው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው። እርሾው ግን ለወጥ ቤት ሚዛን በጣም ትንሽ ስለሆነ አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ይበቃል።

ውሃው ለብ ያለ ይሁን፤ ቤቱ ሞቃት ከሆነ ቀዝቃዛም ይሠራል። እጅ የሚያቃጥል ውሃ እርሾውን ይገድለዋል፣ ከዚያ በኋላ ስንት ሰዓት ብትጠብቁ ሊጡ ኩፍ አይልም።

እርሾውን ከዱቄቱ ጋር ቀላቅዬ፣ 20 ግራም ያህል ውሃ አስቀርቼ ቀሪውን አፈስበታለሁ። ደረቅ ዱቄት እስከማይታይ ድረስ ብቻ አዋህጄ፣ ከድኜ 20 ደቂቃ እተወዋለሁ። በዚህ ጊዜ ዱቄቱ ውሃውን ይጠጣል፣ ሊጡን የሚያለጥጠው ግሉተንም ያለ እጅ መያያዝ ይጀምራል። ጨው ካስቀረሁት ውሃ ጋር ይገባል፣ ዘይቱ ደግሞ ከሁሉ በኋላ። ዘይት ቀድሞ ከገባ ዱቄቱን እየሸፈነ ውሃ በደንብ እንዳይጠጣ ያደርገዋል።

አሁን ማሸት ነው። የመጀመሪያዎቹ አራት ደቂቃዎች ሊጡ እጅ ላይ ይጣበቃል፣ ጠረጴዛ ላይ ይለጠፋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሲጣበቅ አንድ እፍኝ፣ ቀጥሎ ሌላ እፍኝ ዱቄት ይነሰነሳል። 60 ግራም ጨመራችሁ ማለት ለ100 ግራም ዱቄት 65 ግራም የነበረው ውሃ ወደ 58 ወረደ ማለት ነው። ሊጡ ያኔውኑ ለእጅ ይመቻል፤ ሲለጠጥ ግን ይሰበሰባል፣ ሲጋገር ደረቅና ጠንካራ ይሆናል። መፍትሔው እጅን በውሃ ማርጠብ፣ ካልሆነም ሊጡን ከድኖ አሥር ደቂቃ ማሳረፍ ነው። ካረፈ በኋላ ስትነኩት ልዩነቱ ይገርማችኋል። በጠቅላላው ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ይታሻል። መድረሱን ለማወቅ ትንሽ ቆርሳችሁ በጣቶቻችሁ ቀስ ብላችሁ ለጥጡት፤ ሳይበጠስ ብርሃን እስኪያሳልፍ ከሳሳ በቅቶታል።

ለዚያው ቀን ከሆነ በ24 ዲግሪ አካባቢ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ እጥፍ ይሆናል። እኔ ከሰዓት ይልቅ ዕቃውን ነው የማየው፤ ጎኑ ቀጥ ያለ ብርጭቆ ወይም ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አድርጌ መነሻውን ምልክት አደርግበታለሁ። ከዚያ በሚዛን 280 ግራም እየከፈልኩ፣ ጠርዙን ወደ ታች እየሰበሰብኩ አድቦልቡዬ፣ ከድኜ ሌላ 45 ደቂቃ አሳርፈዋለሁ።

የተሻለው ግን ፍሪጅ ነው። እርሾውን በግማሽ ቀንሼ፣ ውጭ አንድ ሰዓት ብቻ አቆይቼ፣ አድቦልቡዬ ዘይት በተቀባ ክዳን ባለው ዕቃ ከ24 እስከ 48 ሰዓት አስቀምጠዋለሁ። ጣዕሙ ይጎለብታል፣ ሲለጠጥም በጣም ይታዘዛል። ከመጋገሩ ሁለት ሰዓት አስቀድሞ መውጣት አለበት፤ ቀዝቃዛ ሊጥ እልኸኛ ነው። ከመጠን በላይ ከቆየ ይዘረጋል፣ የአልኮል ሽታ ያመጣል፣ ሲነካ ይቀደዳል፤ እርሾው ስኳሩን ስለጨረሰውም ቂጣው ሳይቀላ ይቀራል።

ስትዘረጉት መዳመጫ አትጠቀሙ፤ የተጠራቀመውን አየር ያስወጣዋል። ከመሃል ጀምራችሁ በጣት ጫፍ እየተጫናችሁ ወደ ውጭ ግፉት፣ 2 ሳንቲ ሜትር ያህሉን ጠርዝ ግን አትንኩት። ወደ ኋላ እየተሰበሰበ ካስቸገረ መታገል ይቅርና ከድናችሁ 15 ደቂቃ ተዉት።

ኦቨኑ የሚችለውን ያህል ይሙቅ፣ 250 ዲግሪ ከደረሰ መልካም። ከባድ የብረት ትሪ ገልብጬ ውስጥ አስቀምጬ ቢያንስ 30 ደቂቃ አግለዋለሁ፤ ሊጡ የሚያርፈው በጋለው ትሪ ላይ ነው። በቀዝቃዛ ትሪ ከገባ ላዩ ቀልቶ ታቹ ጥሬ ይሆናል። ስጎው ለአንድ ፒዛ ከሦስት የሾርባ ማንኪያ አይብለጥ፣ እርጥብ አይብም አስቀድሞ ውሃው ይንጠፍጠፍ፤ አለዚያ መሃሉ ይላቁጣል። ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃዋል። ከማውጣታችሁ በፊት ጠርዙን በሹካ ቀና አድርጋችሁ ታቹን እዩ፤ ላዩ ደርሶ ታቹ ከነጣ ትሪውን ወደ ታችኛው መደርደሪያ አውርዳችሁ ሁለት ደቂቃ ጨምሩለት።