አንድ ኮከብ፣ ሁለት ሥራ

ከኔትወርክ ጋር የሚሠራ ፕሮግራም የጻፈ ሰው ያውቀዋል፤ መስመሩ ይቋረጣል፣ ፕሮግራሙም ቀጥ ይላል። በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ በጻፍኩት ፕሮግራም ውስጥ ፋይል የሚያወርደውም፣ ዳታ የሚልከውም ፋንክሽን (በስሙ የሚጠራ የኮድ ክፍል) ያንኑ «ካልተሳካ ደግመህ ሞክር» የሚል ሉፕ (ተደጋግሞ የሚሠራ ኮድ) ተሸክሞ ነበር። ኮፒ ፔስት መሆኑ ከሩቅ ያስታውቃል።

ሉፑን ለብቻው አወጣሁትና ሌላ ፋንክሽን ተቀብሎ የሚጠራ «ደግመህ_ሞክር» የሚባል ፋንክሽን ጻፍኩ። (ፓይተን 3 በግዕዝ ፊደል ስም ማውጣት ይፈቅዳል፤ የሚሞክረው ሰው ግን ጥቂት ነው።) በፓይተን ፋንክሽን እንደ ቁጥር ሁሉ ለሌላ ፋንክሽን ሊሰጥ፣ ከሌላ ፋንክሽንም ሊመለስ ይችላል።

ቅንፏን ግን ልብ በሉ። ደግመህ_ሞክር(አውርድ, አድራሻ) ስትሉ የሰጣችሁት ፋንክሽኑን ራሱን ነው። ደግመህ_ሞክር(አውርድ(አድራሻ)) ካላችሁ ግን መጀመሪያ ማውረዱ ይካሄዳል፤ የሚተላለፈው ውጤቱ ብቻ ነው። መስመሩ ከተቋረጠም ኤረሩ የሚመጣው ሉፑ ገና ሳይጀምር ነው።

ቀጣዩ ጣጣ አርጉመንት፣ ማለትም ለፋንክሽኑ በቅንፍ ውስጥ የሚሰጠው ግብዓት፣ ነበር። አንዱ ፋንክሽን አድራሻ ብቻ ይፈልጋል፤ ሌላው አድራሻ፣ ፋይልና የጊዜ ገደብ። መፍትሔው ኮከቧ (* ምልክት) ናት፤ ሥራዋ ግን ሁለት ነው፣ ያውም ተቃራኒ። ፋንክሽኑን ስትጽፉ *ግብዓቶች ካላችሁ የመጣውን ሁሉ ሰብስባ አንድ ታፕል (በቅደም ተከተል የተደረደረ ጥቅል) ታደርገዋለች። ስትጠሩት ሥራ(*ግብዓቶች) ካላችሁ ደግሞ ታፕሉን ፈትታ አንድ በአንድ ታድላለች። ሁለት ኮከብ ከሆነ በስም ለሚሰጡት አርጉመንቶች ያንኑ በዲክሽነሪ (ስምን ከዋጋው ጋር አጣምሮ በሚይዝ ስብስብ) ይሠራል። ስትጠሩ ኮከቧን ከረሳችኋት፣ ሦስት አርጉመንት የሚጠብቀው ፋንክሽን አንድ ታፕል ብቻ ይደርሰውና «ሁለት ይጎድላል» ብሎ ይጮኻል።

ከዚህ በኋላ ዲኮሬተር ብዙም አይከብድም፤ አንድ ፋንክሽን ተቀብሎ፣ እሱን የሚጠቀልል ሌላ ፋንክሽን (እኔ «መጠቅለያ» ያልኩትን) ሠርቶ መመለስ ነው። ዲኮሬተር ካደረግኩት በኋላ ግን ሎጉ (ፕሮግራሙ የሠራውን የሚመዘግብበት ፋይል) ላይ ሁሉም ፋንክሽን «መጠቅለያ» በሚል ስም ይመጣ ጀመር። የትኛው እንደወደቀ በምን ይታወቃል? ከፓይተን ጋር በሚመጣው ፈንክቱልስ (functools) ውስጥ ያለው ራፕስ (wraps) የዋናውን ፋንክሽን ስምና ማብራሪያ ለመጠቅለያው ስለሚያወርሰው ነገሩ ተስተካከለ።

ኮከቧን የማልወድበት ቦታም አለ። ተራ ፋንክሽን ላይ ከገባች ፋንክሽኑ ምን እንደሚቀበል ከመጀመሪያ መስመሩ አይነበብም፤ ኤዲተሩም ምን እንደሚጠቁም ግራ ይገባዋል። ስለዚህ ለመጠቅለያ ብቻ ነው የምጠቀማት፤ ሌላ ቦታ አርጉመንቶቹን በስማቸው እዘረዝራለሁ።