የገጠር ማረፊያ ቤት አዳር፦ ከስልክ ጥሪው እስከ ቁርሱ

ክፍሎቹ ከአሥር የማይበልጡ የገጠር ማረፊያ ቤት ትልቅ ሆቴል የማይችለውን አንድ ነገር ይችላል፦ ምግብ የሚሠራው ሰው ዛሬ ማታ ለስንት ሰው እንደሚያበስል አውቆ ድስቱን ይጥዳል። የሚያውቀው ግን ከነገሩት ብቻ ነው። በኢንተርኔት ቦታ መያዝ አልጋውን ያስገኛል፤ እራቱን የሚያስገኘው ከአንድ ቀን በፊት መደወል ነው።

እንዲህ ያለ ወጥ ቤት ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይሠራል፣ ማቀዝቀዣው ትንሽ ነው፣ ገበያው ሩቅ ነው። የቤቱ ምርጥ ምግብ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጊዜ የሚወስደው ነው። የእግር ሥጋ፣ ፍርምባና ጎድን የሚለሰልሱት ጅማታቸው በዝግታ ሲሟሟ ስለሆነ በትንሽ እሳት ሦስት ሰዓት ያህል ይፈልጋሉ። እሳቱን ማብዛት አያፋጥነውም፤ ሥጋውን ያደርቀዋል እንጂ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ደርሶ ያዘዘ እንግዳ በችኮላ የተጠበሰ ነገር ቢቀርብለት ጥፋቱ የወጥ ቤቱ አይደለም። ከፍ ባለ ተራራ ላይ ደግሞ ጊዜው ይብስ ይረዝማል። በየ300 ሜትሩ ውሃ የሚፈላበት ሙቀት በአንድ ዲግሪ ገደማ ስለሚቀንስ፣ 3000 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባቄላና ሽምብራ እዚያ ለመብሰል ቆላ ከሚወስድባቸው በእጅጉ የበለጠ ሰዓት ይፈጃሉ።

ስትደውሉ የመጀመሪያው ጥያቄ «ነገ ማታ ምን ታበስላላችሁ?» ይሁን። «ሁሉም አለ» የሚል መልስ ያሳስበኛል። ለአሥራ ሁለት ሰው የሚያበስል ቤት አርባ ዓይነት ምግብ ትኩስ አድርጎ ሊያቆይ አይችልም፤ ሜኑው ከረዘመ አብዛኛው ከበረዶ ወጥቶ የሚሞቅ ነው። «ነገ የበግ ጎድን አለ፣ ሥጋ ለማይበላ የምስር ሾርባ እንሠራለን» የሚል ቤት ግን የሚያደርገውን ያውቃል። ቀጥላችሁ ስንት ሆናችሁ እንደምትበሉ፣ ስንት ሰዓት እንደምትደርሱ፣ የማትበሉት ነገር ካለም ምን እንደሆነ ተናገሩ። «ኦቾሎኒ አልወድም» እና «ኦቾሎኒ ያመኛል» ለወጥ ቤቱ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ለመጀመሪያው ኦቾሎኒውን አለመጨመር ይበቃል፤ ለሁለተኛው መጥበሻው፣ ቢላው፣ መክተፊያው፣ ዘይቱም ጭምር የተለየ መሆን አለበት። ይህን ማዕድ ላይ ተቀምጦ መናገር በጣም የዘገየ ነው።

እራቱን ለምሽቱ 1 ሰዓት ያዙት። በተኛችሁበት ሆድ እንዳይከብዳችሁ ከመኝታ በፊት ሁለት ሦስት ሰዓት ያስፈልጋል፤ ገጠር ደግሞ ሰው በጊዜ ነው የሚተኛው።

ሌላው መጠየቅ ያለበት ክፍሉ መቼ እንደሚሞቅ ነው። ብርድ ባለበት አገር ለቀናት ተዘግቶ የቆየ የድንጋይ ክፍል በግማሽ ሰዓት አይሞቅም። አየሩ ይሞቃል፣ ግድግዳው ግን ገና ቀዝቃዛ ስለሆነ የሰውነታችሁን ሙቀት ይስባል፤ ቴርሞሜትሩ 20 ዲግሪ እያሳየ የምትንቀጠቀጡት ለዚህ ነው። እሳቱ ከመድረሳችሁ አራት ሰዓት ያህል ቀድሞ እንዲለኮስ ጠይቁ። ደግ ባለቤት ይህን ሳይጠየቅ ያደርገዋል፤ የምትደርሱበትን ሰዓት ካላወቀ ግን እንጨቱን በከንቱ አያነድም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ድረሱ። የገጠር መንገድ በጨለማ አስቸጋሪ ነው፤ ከዚያም በላይ ክፍሉን በብርሃን ማየት፣ የሚቀየር ነገር ካለም ሰው ሳይተኛ መጠየቅ ትችላላችሁ።

ሻንጣውን ከመፍታታችሁ በፊት አልጋውን ግለጡና እጃችሁን በአንሶላውና በፍራሹ መካከል ለጥቂት ጊዜ አስቀምጡ። ቅዝቃዜው ቶሎ ከለቀቀ ብርድ ብቻ ነበር፤ እጃችሁ ላይ ተጣብቆ ከቀረ ግን እርጥበት ነው። እርጥብ ፍራሽ ላይ አራት ብርድ ልብስ ብትደርቡ ሌሊቱን አትሞቁም፤ ሌላ ክፍል ወይም ሌላ ፍራሽ መጠየቅ ይሻላል። አልጋው የውጭውን ግድግዳ ተደግፎ ከሆነ አንድ ስንዝር ፈቀቅ አድርጉት። በዚያ ቦታ አየር ስለማይዘዋወር እርጥበት የሚጠራቀመው እዚያ ነው፤ የሻጋታ ሽታም የሚመጣው ከዚያው ነው።

ስለ ሙቅ ውሃ የሚነሳው ቅሬታ ብዙውን ጊዜ በሒሳብ ይፈታል። በትናንሽ ማረፊያዎች ብዙ ጊዜ የሚገኘው 80 ሊትር የሚይዝ ቦይለር ነው እንበል። ውሃው 60 ዲግሪ ከሞቀና ቀዝቃዛው 15 ዲግሪ ከሆነ፣ ተቀላቅሎ 140 ሊትር ገደማ 40 ዲግሪ የሆነ የመታጠቢያ ውሃ ይወጣዋል። ሻወሩ በደቂቃ 9 ሊትር ካፈሰሰ በ15 ደቂቃ ያልቃል፤ እንዲያውም ቀዝቃዛው ከታች እየገባ ስለሚቀላቀል ከዚያ ቀደም ብሎ ለብ ይላል። እንደገና ለማሞቅ 2 ኪሎዋት የሆነ ማሞቂያ ሁለት ሰዓት ይወስድበታል። ስለዚህ ሁለት ሰዎች ሰባት ሰባት ደቂቃ ቢታጠቡ ሁለቱም በሙቅ ውሃ ይጨርሳሉ፤ አንዱ ሃያ ደቂቃ ከቆመ ሁለተኛው እስከ እራት በኋላ ይጠብቃል። ሁለት ክፍል አንድ ቦይለር የሚጋራ መሆኑን ስትደርሱ ጠይቁ። የሚጋራ ከሆነ አንዳችሁ ማታ፣ አንዳችሁ ጠዋት ታጠቡ።

ምድጃ ያለው ክፍል ደስ ይላል፤ ጥንቃቄም ይፈልጋል። ጥሩ ፍልጥ እርጥበቱ ከመቶ 20 በታች ነው። ሁለት ፍልጥ ስታጋጩ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ ጫፉም ላይ ስንጥቅ ይታያል። ያልደረቀ እንጨት ሲነድ ጫፉ ላይ አረፋ ይደፍቃል፣ ያጨሳል፣ ሙቀቱንም የራሱን ውሃ በማትነን ይጨርሰዋል። እንዲህ ያለ እንጨት ከመጣላችሁ ደረቅ እንዲያመጡላችሁ ንገሯቸው። ሙቀት እንዳያመልጥ ብላችሁ ግን ፍም እያለ የጭስ ማውጫውን መዝጊያ በፍጹም አትዝጉ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ሊገድል ይችላል። በዚሁ ምክንያት የከሰል ማንደጃ፣ ፍሙ ነጭ አመድ ቢለብስም እንኳ፣ ወደ መኝታ ክፍል አይገባም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ማዞር አብረው ከመጡ መጀመሪያ ሁላችሁም ወደ ውጭ ውጡ፤ ባለቤቱን መቀስቀስ ከዚያ በኋላ ነው። ከመተኛት በፊት ያለ መብራት ከክፍሉ እስከ ውጭው በር ያለውን መንገድ አንድ ጊዜ ብትሄዱበት አይከፋም፤ ገጠር መብራት ሲጠፋ ጨለማው ድቅድቅ ነው።

ለመኝታ ከ16 እስከ 19 ዲግሪ ለብዙ ሰው ይመቻል። እሳቱ ሌሊት ሲቀዘቅዝ እንደገና ማንደድ አያስፈልግም፤ ክዳኑ በደንብ የተጠበቀ የሙቅ ውሃ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልሎ እግር ሥር ማድረግ ይበቃል።

ቁርስ የቤቱን ትጋት ያሳያል። ጠዋት ትኩስ ዳቦ የሚያቀርብ ቤት ሊጡን ማታውኑ አቡክቶ በቀዝቃዛ ቦታ አሳድሮታል። እንዲህ ያደረ ሊጥ በሁለት ሰዓት ከተነፋው ይልቅ ጣዕሙ የጠለቀ ነው፤ ልዩነቱ ቅቤ ሳይቀባ ሲቀመስ ይታወቃል። የምትነሡበትን ሰዓት ማታ ከተናገራችሁ ምድጃው በሰዓቱ ይሞቃል፤ ካልተናገራችሁ የሚቀርብላችሁ የትናንቱ ነው። ወተት ከታለበ በኋላ መፍላቱን ጠይቁ። የምንጭ ውሃም ቢሆን አንድ ደቂቃ ይፍላ፣ ከ2000 ሜትር በላይ ሦስት ደቂቃ።

በጠዋት የምትነሡ ከሆነ ሒሳቡን ማታ ዝጉ፤ እራቱና እንጨቱ በአዳሩ ዋጋ ውስጥ መሆናቸውንም ያኔውኑ አረጋግጡ። የተበላሸ ነገር ካለ ለባለቤቱ በግልጽ ንገሩት። ባለቤቱ እናንተ ክፍል ውስጥ አይተኛም፤ ቦይለሩ ለብ ያለ ውሃ ብቻ እንደሚሰጥ፣ መስኮቱ እንደማይገጥም የሚያውቀው ከእንግዳ ነው። «ውሃው መጥፎ ነው» ከማለት «ከአራት ደቂቃ በኋላ ቀዘቀዘ» ማለት ይጠቅመዋል፤ የሙቀት ማስተካከያው ዝቅ ብሎ እንደሆነ ወይም የማሞቂያው ብረት የኖራ ቅርፊት ይዞ እንደሆነ ከየት መጀመር እንዳለበት ይገባዋል።