የ«ወርቃማው አውራ ዶሮ» መጨረሻ ሳይሻክር ከሸክላ ሲቀዳ

ወዳጆች፣ ውጤቱን ላስቀድም። የሩሲያዊው አቀናባሪ የሪምስኪ ኮርሳኮፍ «ወርቃማው አውራ ዶሮ» ስዊት (ከኦፔራው ተመርጦ ለኦርኬስትራ ብቻ የተሰናዳ ሙዚቃ) ማብቂያ ላይ ያለው የሠርግ ሰልፍ፣ ትራምፔቱ ሳይሻክር፣ ሲምባሉም እንደተበተነ አሸዋ ሳይንሿሿ ከሸክላ ወደ ኮምፒውተር ተቀድቷል። ሸክላው ያው የድሮው ነው፤ ማጫወቻውም ያው። የተለወጠው የካርትሪጁ (ክንዱ ጫፍ ላይ ያለው፣ መርፌውን የያዘው ትንሽ ሳጥን) አቀማመጥና የመርፌው ጫፍ ብቻ ነው። የሩሲያ የተረት ኦፔራ ስዊቶችን ከሸክላ ለሚቀዳ ሰው ዋናው ራስ ምታት እዚሁ ላይ ስለሆነ ሌላውን ቶሎ ቶሎ አልፈዋለሁ።

እስካሁን አራቱ አልቀዋል፦ «ዛር ሳልታን»፣ «ስኔጉሮችካ»፣ «የገና ዋዜማ» እና አሁን «ወርቃማው አውራ ዶሮ»። «የማትታየው የኪቴዥ ከተማ» ግማሽ ላይ ቆሟል፤ «ምላዳ» ገና አልተነካም። «ሳልታን» እና «አውራ ዶሮ» ሁለቱም ከፑሽኪን የግጥም ተረቶች የተወሰዱ ናቸው፤ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1831፣ ሁለተኛው በ1834 የተጻፈ። የፑሽኪን ቅድመ አያት አብራም ጋኒባል ሐበሻ ነው ሲባል ለረጅም ጊዜ ስለኖረ ስሙ ለእኛ ባዳ አይደለም፤ የትውልድ ቦታው ግን የታሪክ ሰዎችን ዛሬም ያከራክራል።

ቀላሉ «ሳልታን» ነው፤ ጀማሪ በእሱ ይጀምር። ኦፔራው በ1900 ሞስኮ ላይ ቀረበ፤ ስዊቱ ሦስት ክፍል ሲሆን በድምሩ ወደ 20 ደቂቃ ይወስዳል። ሦስቱም ክፍሎች በትራምፔት ጥሪ ስለሚከፈቱ ፋይሉን መቁረጥ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ጥሪውን ባያችሁበት ቁረጡ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ ዝነኛው የባምብል ንብ በረራ የስዊቱ ክፍል አይደለም። ከኦፔራው ሦስተኛ ገቢር የመጣ ነው፤ አንዳንድ የኦርኬስትራ መሪዎች ሸክላው ላይ ይጨምሩታል፣ ሌሎች ይተዉታል። ሸክላችሁ ላይ ካጣችሁት የጎደለ ነገር የለም።

«አውራ ዶሮ» ሌላ ጉዳይ ነው። ሪምስኪ ኮርሳኮፍ በ1908 ስላረፈ ኦፔራውን መድረክ ላይ አላየውም፤ ሞስኮ ላይ የቀረበው በ1909 ነው። አራት ክፍል ያለውን ስዊት ያሰናዱት አቀናባሪው ግላዙኖቭና የሪምስኪ ኮርሳኮፍ አማች ማክሲሚሊያን ስታይንበርግ ናቸው። ርዝመቱ ከ25 እስከ 28 ደቂቃ ነው። በድፍን (አፉ ላይ ማፈኛ በተደረገበት) ትራምፔት ይጀምራል፣ በሠርግ ሰልፍና በተረቱ ንጉሥ በዶዶን አሳዛኝ ፍጻሜ ያበቃል። ችግሩም ከዚህ ቅደም ተከተል ይመነጫል።

ስለ ቅጂዎቹ ምርጫ ባጭሩ። ሁሉንም ስዊቶች በአንድ እጅ መስማት ለሚፈልግ የኦርኬስትራ መሪው ኔሜ ያርቪ ከስኮትላንድ ብሔራዊ ኦርኬስትራ ጋር በ1980ዎቹ ለቻንዶስ ሸክላ አሳታሚ የቀዳው ይበቃል፤ ድምፁ ሰፊ ነው፣ ናሱ (ትራምፔትን የመሳሰሉት የናስ መሣሪያዎች) ይሞላል። ሌላው መሪ ኧርነስት አንሰርሜ ከስዊስ ሮማንድ ኦርኬስትራ ጋር በ1950ዎቹ ለዴካ የቀዳቸው ግን ለጆሮ ትምህርት ቤት ናቸው። ኦርኬስትራው በገመድ መሣሪያ በኩል ያን ያህል አይደለም፤ እያንዳንዱ ክላርኔትና ፍሉት ግን ለብቻው ቆሞ ይታያል። ሪምስኪ ኮርሳኮፍ የጻፈው ለቀለም ነው፤ ቀለሙን የሚደፍን ቅጂ የቱንም ያህል ቢያምር አይረባም ባይ ነኝ። መሪው የቭጌኒ ስቬትላኖቭ ለሶቪየቱ አሳታሚ ለሜሎዲያ የቀዳቸው ቅጂዎች ናስ ደግሞ የሚነድ ነው፤ ይህንኑ ናስ ሳይበላሽ ማውጣት ነው ፈተናው። የሜሎዲያን ሸክላ ስትገዙ መለያውን አንብቡ። ከቁጥሩ ፊት የላቲን «ሲ» የምትመስለው የሩሲያ ፊደል ካለች ስቴሪዮ ነው፤ «ዴ» የምትባለው ካለች ሞኖ። «ጎስት 5289» ከሚለው የሶቪየት የደረጃ መለያ ቀጥሎ ያለው ቁጥር፣ ለምሳሌ 68 ወይም 73፣ የደረጃው ዓመት ነው፤ ያ መለያ ከዚያ ዓመት በፊት ሊታተም አይችልም።

አሁን ወደ ችግሩ።

ሸክላ በደቂቃ 33 ከ1/3 ጊዜ ይዞራል፤ ይህ ከዳር እስከ መሐል አይለወጥም። የሚለወጠው ከመርፌው ሥር የሚያልፈው የቦይ (ድምፁ የተቀረጸበት ቀጭን መስመር) ርዝመት ነው። ከመሐል 146 ሚሊ ሜትር ላይ፣ ማለትም ዳር፣ በሰከንድ 51 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያልፋል። ወደ 60 ሚሊ ሜትር ሲጠጋ 21 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይቀራል። 10,000 ኸርዝ ያለው ድምፅ ዳር ላይ አንዱ ሞገዱ 0.05 ሚሊ ሜትር ይዞ ይጻፋል፤ ውስጥ ላይ በ0.02 ሚሊ ሜትር ይታጨቃል። የትራምፔትና የሲምባል ድምቀት የሚኖረው በእነዚህ ትንንሽ ሞገዶች ነው። 26 ደቂቃ ሙዚቃ በአንድ ገጽ ላይ ሲቀረጽ ቦዩ ወደ መሐሉ የመለያ ወረቀት አቅራቢያ ድረስ ይገፋል። ስለዚህ የስዊቱ እጅግ ጩኸታም ቦታ የሚወድቀው ሸክላው እጅግ ደካማ በሆነበት ቦታ ላይ ነው።

ድምፁ የሚበላሸው በሁለት የተለያዩ ምክንያቶች ነው፤ ብዙ ሰው አንድ አድርጎ ስለሚያያቸው ይለፋል። አንደኛው አንግል ነው። ሸክላውን የቀረጸው መሣሪያ ወደ መሐል የሄደው በቀጥታ መስመር ነው፤ የማጫወቻችን ክንድ ግን ከጀርባ ተተክሎ በቅስት ይዞራል። ስለዚህ መርፌው ከቦዩ ጋር ትክክል የሚሆነው በሁለት ነጥቦች ብቻ ነው። ሁለተኛው የመርፌው ጫፍ ነው። ክብ ጫፍ ወደ 18 ማይክሮን ራዲየስ አለው፤ 20 ማይክሮን ርዝመት ባለው ሞገድ ውስጥ አይገባም፣ ከላይ ከላይ ይንሳፈፋል።

በቅድሚያ በሽታው የትኛው እንደሆነ ለዩ። «ሳልታን» የሚከፈትበትን የትራምፔት ጥሪ ከሸክላው ዳር ላይ አጫውቱ፣ ቀጥሎ መጨረሻ ላይ ያለውን ናስ ስሙ። ዳሩ ጥርት ብሎ ውስጡ ከሻከረ ችግሩ አንግል ወይም ጫፍ ነው። ሁለቱም ቦታ ከሻከረ ግን ወይ መርፌው ሸክላው ላይ የሚያሳርፈው ክብደት አንሷል ወይ ቦዩ ቀድሞ በሌላ ሰው መርፌ ተበልቷል። የሚሻክረው በቀኝ በኩል ብቻ ከሆነ አንቲ ስኬቲንጉን (ክንዱን ወደ ውጭ የሚስበውን ማስተካከያ) ትንሽ ጨምሩ፤ የክንዱ ኃይል ወደ መሐል ስለሚስብ የውጭው ግድግዳ፣ የቀኙን ድምፅ የያዘው፣ ከመርፌው ይላቀቃል። በግራ ከሆነ ቀንሱ።

ለአንግሉ ሦስት የታወቁ ስሌቶች አሉ። ሌፍግሬንና ቤርቫልድ የደረሱበት፣ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት፣ ዜሮ ነጥቦቹን፣ ማለትም መርፌው ከቦዩ ጋር ትክክል የሚሆንባቸውን ሁለቱን ነጥቦች፣ ከሸክላው መሐል 66 እና 120.9 ሚሊ ሜትር ላይ ያደርጋል። ሁለተኛው የሌፍግሬን ስሌት 70.3 እና 116.6 ላይ ነው። በ1966 የወጣው የስቲቨንሰን ደግሞ 60.3 እና 117.4 ላይ ነው፤ ከዜሮዎቹ አንዱን ሙዚቃው የሚያልቅበት ጫፍ ላይ ይተክለዋል። የስቲቨንሰን ዋጋ አለው፤ መካከሉና ዳሩ ላይ ስህተቱ ከሌሎቹ ይበልጣል። ለፖፕ ሸክላ አልመርጠውም። መጨረሻው ለሚጮህ ኦርኬስትራ ግን ከዚህ የተሻለ የለም፣ በዚህ ላይ ድርድር አላውቅም። «ሁሉም ሰው ቤርቫልድን ይጠቀማል» በሚል ብቻ ከእሱ ጋር የባከነው ጊዜ ቀላል አይደለም፤ እናንተ አትድገሙት።

ከመምረጣችሁ በፊት ግን ማስመሪያ ያዙ። ከሸክላው ቀዳዳ መሐል ሙዚቃው እስከሚያልቅበት ያለውን ለኩ። 60 እስከ 64 ሚሊ ሜትር ከሆነ ስቲቨንሰን። 72 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ 20 ደቂቃ ያለው «ሳልታን» ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው፣ ስቲቨንሰን ምንም አይጠቅማችሁም፤ በቤርቫልድ ቆዩ። ስብስባችሁ ድብልቅ ከሆነ ለሚያሰቃያችሁ ሸክላ ወስኑ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የማጫወቻውን መብራት አጥፉ። ሁለቱ ነጥቦችና ትይዩ መስመሮች የተሳሉበትን የአቀማመጥ መለኪያ ወረቀት ስታትሙ 100 በመቶ መሆኑን አረጋግጡ፤ ፕሪንተሩ ከገጹ ጋር ላስማማ ብሎ ወደ 97 በመቶ ካሳነሰው 60.3 የነበረው 58.5 ይሆናል፣ 117.4 የነበረውም 113.9። ታትሞ ሲወጣ በማስመሪያ ለኩ። የመሐሉ ቀዳዳ ጥብቅ ይሁን፤ ከላላ ወረቀቱ ይንሸራተትና ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው። ቀጥሎ የመርፌውን ክብደት በዲጂታል ሚዛን ለኩ። ከዚያ ካርትሪጁን የያዙትን ሁለት ብሎኖች ግማሽ ዙር ብቻ አላሉ፤ ካርትሪጁ በጣት ሲገፋ ይሂድ እንጂ አይወዛወዝ። መርፌውን በ117.4 ነጥብ ላይ አሳርፉና ከፊት ለፊት ተመልከቱ። መታየት ያለበት የካርትሪጁ ሳጥን ሳይሆን መርፌውን የተሸከመችው ቀጭን ዘንግ ናት፤ ሳጥኑ ቀጥ ብሎ ዘንጓ ጠመም ያለች ካርትሪጅ ብዙ ናት። ዘንጓ ከመስመሮቹ ጋር ትይዩ ስትሆን ወደ 60.3 ሂዱ። እዚያ ዘንጓ ከጠመመች ካርትሪጁን ጥቂት ወደፊት ወይም ወደኋላ ግፉ፣ እንደገና ወደ 117.4 ተመለሱ። ሁለቱም ቦታ ላይ አንድ ዓይነት እስኪሆን ይመላለሳል፤ ስድስትና ሰባት ዙር ቢፈጅ አይግረማችሁ። ጨርሳችሁ ብሎኖቹን ስታጠብቁ አንድ ጊዜ ይህን፣ አንድ ጊዜ ያንን፣ በየሩብ ዙሩ። አንዱን እስከ መጨረሻው ብታጠብቁ ካርትሪጁ ዞሮ ይቀራል። ከዚያ ክብደቱን እንደገና ለኩ፤ ካርትሪጁ ሲንቀሳቀስ ይለወጣል።

አንግሉ ተስተካክሎ ግማሹ ሻካራ ከጠፋ፣ የቀረው የጫፉ ነው። በኦዲዮ ቴክኒካ ቪኤም95 ዓይነት ካርትሪጅ ላይ ይህ ቀላል ነው፤ አካሉ ሳይነካ መርፌው ብቻ ይነቀላል። ከኤሊፕቲካሉ (ሞላላ ጫፍ) ወደ ማይክሮ ሊኒየሩ (ይበልጥ ቀጭን ጫፍ) ሲታለፍ በሠርጉ ሰልፍ ላይ የሚሰማው ልዩነት ትልቅ ነው። ቀጭኑ ጫፍ በቦዩ ግድግዳ ላይ ሌላ መርፌ ያልደረሰበትን ቦታ ይነካል፤ የተበላ የመሰለ ሸክላ አንዳንዴ የሚድነው በዚህ ነው። ግን ከአንግሉ በፊት አትግዙት። ቀጭን ጫፍ የተጣመመ አቀማመጥን አይታገሥም፤ ጠማማ ላይ ከክብ መርፌ የባሰ ይሰማል።

ክብደቱ ለዚህ ካርትሪጅ 2 ግራም ነው፣ ከ1.8 እስከ 2.2 ይፈቀዳል። ሸክላዬን ላድን ብሎ 1.5 ላይ ማሳረፍ ሸክላን መጉዳት ነው። የቀለለ መርፌ በጩኸቱ ቦታ ከግድግዳው ይላቀቅና ተመልሶ ይመታዋል፤ ጠባሳው ለዘላለም ይቀራል። እኔ 2.1 ላይ አድርጌዋለሁ።

ስለ ቅጂው ራሱ ትንሽ ልበል። በ24 ቢት፣ በ96 ኪሎ ኸርዝ ቅዱ። የድምፁን መጠን ስታስተካክሉ በመጀመሪያው ደቂቃ አትመኑ፤ «አውራ ዶሮ» ሲከፈት ድፍን ትራምፔት፣ ከዚያ የቼሎ ዜማና ወደ ታች የሚንሸራተት ክላርኔት ነው፣ ሁሉም ልዝብ። መጨረሻውን አጫውቱና ከፍተኛው ነጥብ ከዜሮ 6 ዴሲቤል በታች እንዲሆን አድርጉ።

የጠቅታ ማጥፊያ ፕሮግራሞችን በሙሉ ፋይል ላይ መልቀቅን እቃወማለሁ። የትራምፔት አነሳስና የኦፔራው ኮከብ ቆጣሪ የሚታወቅበት ግሎከንሽፒል (የትንንሽ ብረቶች ደወል) ለፕሮግራሙ ጠቅታ ይመስሉታል፤ ሙዚቃውን ይበላል። ማረጋገጥ የሚፈልግ ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ዋናውንና የተጸዳውን ጎን ለጎን ያስቀምጥ፣ አንዱን ኢንቨርት ያድርግ (ሞገዱን ይገልብጥ)፣ ይደምራቸው። የሚሰማው የተወገደው ነገር ነው። እዚያ ውስጥ ትራምፔት ከሰማችሁ ሥራውን ሰርዙት። ጠቅታዎችን አንድ በአንድ በኦዳሲቲ የጥገና መሣሪያ ማጥፋት ይሻላል፤ በአንድ ጊዜ እስከ 128 ናሙና ያክማል፣ በ96 ኪሎ ኸርዝ ይህ ከአንድ ሚሊ ሰከንድ ትንሽ ይበልጣል፣ ለተራ ጠቅታ ይበቃል። አንድ ገጽ ሁለት ምሽት ሊወስድ ይችላል።

«ኪቴዥ» ያቆመኝ በተቃራኒው ነው። ስዊቱ የሚጀምረው በጫካው ውዳሴ ነው፤ ገመዶቹ ሹክ ሲሉ የሸክላው ፍርፍርታ ከእነሱ እኩል ይሰማል። እዚያ ላይ አንግልም ጫፍም አያድንም፤ ማጠብ ነው ያለው። ሦስት እጅ የተጣራ ውሃ፣ አንድ እጅ አይሶፕሮፒል አልኮል፣ ሁለት ጠብታ ሽታ የሌለው የማጠቢያ ፈሳሽ፤ በለስላሳ ብሩሽ ቦዩን ተከትሎ፣ ከዚያ በንጹሕ የተጣራ ውሃ ሁለት ጊዜ ማለቅለቅ። ወረቀቱ እንዳይርስ። በደቂቃ 78 የሚዞሩት የጥንቶቹ ሸክላዎች ላይ አልኮል ፈጽሞ አይነካም፤ ያሟሟቸዋል። ሁለት እጥበት ፍርፍርታውን ቀነሰው፣ አላጠፋውም። የከርዤኔትስ ጦርነት ክፍል ላይ ግን የፈረሶቹ ግልቢያ አንድም ጠቅታ ሳይሰማበት ተቀድቷል።

ቀጣዩ «ምላዳ» ነው። የመኳንንቱ ሰልፍ የስዊቱ አምስተኛና የመጨረሻ ክፍል ነው፤ ናሱ በሙሉ እዚያ ተከማችቷል። በማስመሪያ ስለካው ሙዚቃው የሚያልቀው 62 ሚሊ ሜትር ላይ ነው። ካርትሪጁ እንዳለ ይቆያል።