ከተማሪዎች ጋር ወደ አድአ ማሳ

የከተማ ልጆችን ወደ እርሻ ለመውሰድ የሚያስብ መምህር ከሁሉ አስቀድሞ መወሰን ያለበት ቀኑን ነው፤ ቀኑ ደግሞ ከትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ይልቅ ከእህሉ ጋር መስማማት አለበት። በአድአ ጤፍ የሚዘራው በሐምሌ፣ ትምህርት ቤቶች በተዘጉበት ክረምት ስለሆነ፣ ተማሪዎቻችን እርሻ ሲጎበኙ ብዙውን ጊዜ የሚደርሱት አጨዳው ላይ ነው። እኛም የሰባተኛ ክፍል ልጆችን ይዘን ከአዲስ አበባ ወደ ቢሾፍቱ አካባቢ የተጓዝነው በታኅሣሥ፣ የገና በዓል ሳይደርስ ነበር። ከፊሉ ጤፍ ታጭዶ ተከምሯል፤ ዘግይቶ የተዘራው ግን ገና ማሳው ላይ ቆሞ ነበር።

ስለ አስፋልቱ መንገድ የምተርከው የለኝም፤ ቃሊቲን፣ ከዚያም ዱከምን አልፈን ቢሾፍቱ ደረስን። ቅር ያሰኘኝ ነገር የገጠመን ከአስፋልቱ ስንወጣ ነው። አውቶቡሱ እስከ ማሳው እንዲያደርሰን አስቀድመን በዋጋ ተስማምተን ሳለ፣ ሹፌሩ የጥርጊያውን መንገድ ባየ ጊዜ ሞተሩን አጥፍቶ ተጨማሪ 2,000 ብር ካልተከፈለው እንደማይንቀሳቀስ ተናገረ። ገንዘቡ ከወላጆች የተዋጣ ነው፤ ከወር አስቤዛቸው ቀንሰው የከፈሉ እንዳሉም አውቃለሁ። ልጆቹ በመስኮት ተደርድረው እየሰሙ መከራከሩን ስላልወደድሁ ከፈልሁ፤ ቅሬታዬ ግን ዛሬም አልበረደም።

ባለ ማሳው በአካባቢያቸው የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ሁላችንም «ኦቦ» እያልን ጠራናቸው። የሚናገሩት በአብዛኛው በኦሮምኛ ስለ ነበር፣ በቤቷ ኦሮምኛ የምትናገር አንዲት ተማሪ አስተርጓሚያችን ሆነች። በክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ የማታውቅ ይህች ልጅ፣ ያን ቀን የእርሳቸውን ቃል ለጓደኞቿ፣ የጓደኞቿንም ጥያቄ ለእርሳቸው ስታደርስ፣ አልፎ አልፎም «ቲቸር፣ እንደዚያ ማለታቸው አይደለም» እያለች እኔን ጭምር ስታርም ዋለች። ጉዞው ለእርሷ ብቻ ተዘጋጅቶ ቢሆን እንኳ አይቆጨኝም ነበር።

ኦቦ ትምህርታቸውን የጀመሩት በየልጁ መዳፍ ላይ ቁንጥር ጤፍ አኑረው እንዲቆጥሩት በማዘዝ ነው። ልጆቹ ጥቂት ሞክረው ተስፋ ቆረጡ፤ አንድ ግራም ጤፍ ከ2,500 እስከ 3,000 የሚደርስ ፍሬ እንደሚይዝ ስነግራቸው፣ ከጣታቸው መካከል ሾልኮ መሬት የወደቀውን ጎንበስ ብለው ይፈልጉ ጀመር። የደቃቅነቱን ነገር በእጃቸው ካወቁ በኋላ የሽማግሌውን ማብራሪያ ለመከተል አልተቸገሩም፦ መሬቱ ተደጋግሞ የሚታረሰው፣ አፈሩ የሚልመው፣ ከመዝራቱም በፊት ጥቁሩ አፈር በከብት የሚረገጠው ሁሉ ፍሬው በጥልቀት ከተቀበረ ስለማይበቅል ነው። ይህን ሁሉ ግን በጆሯቸው ብቻ ሰሙት፤ ሞፈሩና ቀንበሩ ከግድግዳ ተደግፎ ነበር።

ማሳው ላይ የነበረው ቁንጮ የተባለው ዝርያ ነው። ዝርያውን ያወጣው እዚያው ቢሾፍቱ የሚገኘው የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ሲሆን፣ ዱከም የተባለውን ምርታማ ዝርያ ማኛ ከተባለው ነጭ ጤፍ ጋር አዳቅሎ በ1998 ዓ.ም. ለገበሬው አቅርቦታል። የጤፍ አበባ እጅግ ደቃቅና ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ስለሆነ ለረጅም ዘመን በሰው እጅ ሊዳቀል አልቻለም ነበር፤ አበባው ማለዳ እንደሚከፈት ተመልክተው የማዳቀያውን መንገድ ያገኙት ዶክተር ታረቀ በርሄ ናቸው። ይህን የተናገርሁት ልጆቹ አገዳውን ይዘው፣ አበባው የነበረበትን ቦታ በጣታቸው እየፈለጉ ሳለ ነው፤ በክፍል ውስጥ ብናገረው ኖሮ ማንም «በምን መሣሪያ ያዙት?» ብሎ የሚጠይቅ አይመስለኝም።

ከዚያ ማጭድ ተሰጣቸው። ስልኮቹን አስቀድመን ሰብስበን አውቶቡሱ ውስጥ አስቀምጠናል፤ ማጭድ ይዞ ፎቶግራፍ ተነሥቶ መመለስ ስለ እርሻ ምንም አያስተምርም ብዬ ስለማምን ነው። ኦቦ በየተራ ከኋላቸው እየቆሙ እፍኝ አገዳ እንዴት እንደሚጨበጥ፣ ማጭዱም ወደ መሬት ዝቅ ብሎ እንዴት እንደሚሳብ አሳዩአቸው። ጤፉ ጋሽቦ በተኛበት ማዕዘን ግን ሥራው ከበዳቸው። አንድ ልጅ ወገቡን ይዞ ቀና አለና፣ ይህን ሁሉ ማሳ የሚያጭዱት ስንት ሰዎች እንደሆኑ ጠየቀ። ሽማግሌው ከሁለቱ ልጆቻቸውና ከደቦ ጋር እንደሚያጭዱ መለሱለት፤ ልጁም ሌላ ነገር ሳይናገር ወደ አጨዳው ተመለሰ።

በአጠገባችን የሽምብራ ማሳ ነበር። ባለቤቲቱ፣ ከእኛ ጋር ምንም ትውውቅ የሌላቸው እናት፣ ልጆቹ በፀሐይ መድከማቸውን አይተው እሸት እየነቀሉ በየእጃቸው ሰጧቸው፤ ገንዘብ ብንሰጣቸውም አልተቀበሉም። ሽምብራ የሚያድገው ዝናቡ ሲያበቃ በአፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት እንደሆነ የነገሯቸው እርሳቸው ናቸው። ቅጠሉ ከሚያወጣው አሲድ የተነሣ ልጆቹ ጣታቸውን ሲልሱ ኮመጠጣቸው፤ ማጭዱ ጣቱን የጫረው አንድ ተማሪም አቃጠለው። ሴትዮዋ በጆግ ውኃ አምጥተው አጠቡለት፣ ከነጠላቸው ጫፍ ቀደው አሰሩለት። በዚህ ጉዞ ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ይህ ነው፤ የኪሎ ጤፍ ዋጋ ብቻ እየተነጋገርን በምንኖርበት ከተማ ከገበሬው እጅ እንዲህ ያለ ቸርነት እንደሚገኝ ልጆቻችን ማወቅ ይገባቸዋል።

ያደርንበት ሆቴል የሰርግ ድግስ ነበረበት፤ ድምፅ ማጉያው እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት አላረፈም። የእኔ ሠፈር ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ጸጥ ይላል፤ ልጆች በሚያድሩበት ቤት ጸጥታ ሊነፈግ ይችላል ብዬ አላሰብሁም ነበር። ጠዋት የክፍሉ ኪራይ «በሰርግ ቀን ዋጋ» ሲጠየቅ ደረሰኝ ጠይቄ ተቀበልሁና ወጣን።

በማግስቱ ያየነው አውድማውን ነው። አውድማው በእበት ይለቀለቃል፤ ፍሬው ከአፈር ጋር እንዳይቀላቀል ነው። በመጀመሪያ ሁሉም አፍንጫቸውን ይዘው ራቁ፤ ሁለት ሴት ልጆች እጅጌያቸውን ሰብስበው እጃቸውን ሲነክሩ ግን ሌሎቹም ተከተሏቸው። እነርሱ የለቀለቁት ደርቆ እስኪጠነክር ድረስ፣ አስቀድሞ በተዘጋጀው አውድማ ላይ በሬዎቹ እየዞሩ ሲያበራዩ ልጆቹ በየተራ ነዷቸው፤ ጭዱን በመንሽ አነሡ፤ በላይዳ ወደ ላይ ለመበተን ግን ነፋስ መጠበቅ ነበረባቸው። ነፋሱ አልመጣም። ረጅም ጊዜ ተቀመጥን። ሥራው የሰው ፈቃድ ብቻ እንደማይበቃው ለማስረዳት ከዚያ መቀመጥ የተሻለ ትምህርት የለም ብዬ አምናለሁ፤ እብቁን ከፍሬው የለየ ነፋስ የመጣው ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው።

ከመለያየታችን በፊት የእርሻውን መጀመሪያ እንዲያሳዩን ኦቦን ለመንኋቸው። በሰኔ፣ ዝናቡ መሬቱን ካራሰ በኋላ፣ ልጆቹ እርፍ የሚጨብጡበት አንድ ጥግ እንደሚለዩልን ቃል ገቡ፤ የልጆቹ ቁጥር ግን የዚህ ግማሽ እንዲሆን፣ ሁሉም ቦቲ ጫማ እንዲያደርጉ፣ ጥቁሩ አፈር ሲረጥብ አውቶቡስ ስለማያሳልፍም ከአስፋልቱ በእግር እንድንመጣ አሳሰቡን። ርእሰ መምህራችን ሐሳቡን ተቀብለዋል። የቀረው የሰኔው ፈተና የሚሰጥበትን ቀን ማወቅና፣ ልጆቻቸው በጭቃ እንዲሄዱ የሚፈቅዱ ወላጆችን ፊርማ ማሰባሰብ ነው።